ገጽ አርባ ሁለት ላይ ያልሳቁት ሰው

ጋሽ ወርቅነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ልጃቸው ሰላም ደውላ ነገረችኝ። ለሥራ ሊነሱ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳሉ ልባቸው ቆመ። ከምሳ በፊት ወሬው የንባብ ክበባችን የስልክ ግሩፕ ላይ ወጣ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የክበቡ ጸሐፊ ነኝና። «የክበባችን ምሰሶ የነበሩት አንጋፋው አባላችን» ብዬ ጀመርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰው የተጣመሩ እጆች ምስል ላከ። አንዱ «ትልቅ ዋርካ ወደቀ» አለ። አንዷ ደግሞ ከጆሮዋ ስለማይጠፋው ሳቃቸው ጻፈች።

ለማያውቅ ሰው ልብ የሚነካ ነገር ነው። ለሚያውቅ ግን ምሰሶው ከቤቱ ከተነቀለ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። ዋርካውም እዚያ ግሩፕ ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም ግሩፑ የተከፈተው እሳቸው እንዳይኖሩበት ነው። የከፈትኩትም እኔው ነኝ። ስለ ሳቃቸው የጻፈችውን ሴትዮ በተመለከተ፣ ጋሽ ወርቅነህ እኛ ፊት ስቀው አያውቁም።

ጋሽ ወርቅነህ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከልጃቸው ጋር በአንድ አፓርታማ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ከሚገፏቸው መንገደኞች ብዙዎቹ በዕድሜ ያንሷቸው ነበር። ይህ ቅር አያሰኛቸውም፤ እንዲያውም የወሬ ምንጫቸው ነበር። አንዳንዱ መንገደኛ የፍተሻውን ሰልፍ ርዝመት ሲያይ ድንገት ጉልበቱን ያመዋል። ዊልቸር ይጠይቃል፣ ጋሽ ወርቅነህ ሰልፉን አሳልፈው ይገፉታል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ሊዘጋ ነው ሲባል ሰውየው ብድግ ብሎ ይሮጣል።

«በሳምንት አራት አምስት ሰው እፈውሳለሁ» ይሉን ነበር። «ለጌታ ከአሥሩ ለምጻሞች አንዱ ተመልሶ አመስግኖታል። ለእኔ ግን እስካሁን አንድም የተመለሰ የለም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም። እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንንፈራፈር እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጉና ምን እንደተፈጠረ እንዳልገባው ሰው ያዩናል።

ክበባችን በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ክፍል ይዞ ይሰበሰብ ነበር። ሊቀ መንበራችን ዶክተር ፍስሐ ነው። የምን ዶክተር እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም። ሥነ ጽሑፍ ይወዳል፤ በተለይ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲናገር ራሱን መስማት ይወዳል። ጋሽ ወርቅነህ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ድልድዩን ተሻግረው ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ። በእግር አሥር ደቂቃ የምንርቀው እኛ ግማሽ ሰዓት እናረፍዳለን። እሳቸው መጽሐፉን በእርሳስ እያሰመሩ አንብበው ይመጣሉ። ከእኛ ብዙዎቻችን ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን አንብበን እንመጣለን።

አንድ ክረምት ዶክተር ፍስሐ ታላቁን የቀልድ ልቦለድ መረጠልን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ያላነበበው ሰው እንኳ ርዕሱን ሲሰማ ይስቃል፣ እንዳላነበበው እንዳይታወቅበት። ታሪኩ የሚሆነው በድሮ ጊዜ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ዋናው ሰው አያሌው የሚባል ከገጠር የመጣ የበር ዘበኛ ነው። ገጽ አርባ ሁለት ላይ የኃላፊው መጋረጃ ያለው ጥቁር መኪና ከግቢው ሲወጣ አያሌው ተረከዙን አጋጭቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። መኪናው ውስጥ ግን ኃላፊው የሉም። ውሻቸው ነው፤ ሹፌሩ ወደ ሐኪም እየወሰደው። መስኮቱ ዝቅ ይልና ውሻው አንገቱን ብቅ ያደርጋል። አያሌው እጁን ከግንባሩ አያወርድም። ሀገር የሳቀበት ገጽ ይህ ነው።

ዶክተር ፍስሐ ገጹን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ዕንባውን ለመጥረግ ሦስት ጊዜ አቋረጠ። እኛም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር እኔ የጀመርኩት ቀልዱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ የት ላይ እንደሚሳቅ አስቀድሜ ጠይቄ ነበርና።

ጋሽ ወርቅነህ ግን አልሳቁም፤ ገጹን ያያሉ። ዶክተሩ አላሳለፋቸውም። ምናልባት አላነበቡት ይሆን ብሎ ጠየቃቸው። ሁለት ጊዜ ማንበባቸውን ነገሩት። እና ታዲያ ምን ሆኑ ሲላቸው አንድ ቃል ብቻ መለሱ።

«አልመጣልኝም።»

የዚያን ቀን ስለ መጽሐፉ የታቀደው ውይይት ቀረና ስለ ጋሽ ወርቅነህ ተወያየን፤ እሳቸው እዚያው እያሉ። ለምን አልሳቁም? አንዱ ዕድሜ ነው አለ። አንዱ የሺፍት ሥራ የሰውን ስሜት ያደነዝዛል አለ። አንዷ ከፀሐይ ማነስ ነው ብላ የምትወስደውን ቫይታሚን ስም ጻፈችላቸው። ዶክተር ፍስሐ ደግሞ ረቂቅ ቀልድ የራሱን አንባቢ እንደሚመርጥ በትሕትና አስረዳ። ከተመረጡት አንዱ ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም። ጋሽ ወርቅነህ የቫይታሚኑን ስም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሴትዮዋን አመሰገኑና ሄዱ።

የሚገርመው፣ መሳቅ ይፈልጉ ነበር። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳይሆን ብለው መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩት። በየሳምንቱ ደውለው ያሉበትን ይነግሩኛል። አንድ ቀን ገጽ ሠላሳ ላይ ትንሽ ፈገግ ማለታቸውን አበሠሩኝና ደስ አለኝ።

«በኋላ ሳጣራው ግን» አሉኝ፣ «ሻዩ ጣፍጦኝ ነው።»

ሰላምንም ሞከሯት። ሰላም እዚህ ያደገች ነርስ ናት፤ አማርኛ ማንበብ ብትችልም ታዘግማለች። ገጽ አርባ ሁለትን ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አደረጉ። ጨርሳ ቀና አለችና «ዳዲ፣ ጆኩ የቱ ጋ ነው?» አለቻቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ቀለል ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ቢያንስ ሁለት ሆነዋል።

ከዚያ አንድ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። የልቦለዱ ደራሲ እዚሁ አካባቢ፣ ጀርመንታውን የሚኖር ወንድ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ተሰማ። ዶክተር ፍስሐ በሁለት ቀን ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ አስያዘ፣ ፖስተር አሠራ፤ ፖስተሩ ላይ የራሱ ፎቶ ከደራሲው ፎቶ በጥቂቱ ብቻ ያንስ ነበር። ከዚያ ለእኔ ደወለ። ጋሽ ወርቅነህን ማንም እንዳይመጡ አይከለክላቸውም፤ ይምጡ፤ ግን እንግዳው ፊት እንዳይናገሩ በዘዴ ንገሪያቸው አለኝ። እኔም ዘዴኛ ነኝ ብዬ ስለማምን አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄድኩ።

ቅዳሜ ቀን ነበር። ሰላምም ከሥራ ገብታ ኪችን ውስጥ ሻይ አብረን ጠጣን። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው ወሬ ጀመሩ።

«ዘበኛ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ለስንት ዓመት አብረን ስናነብ ከኤርፖርቱ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆመዋል። እናታቸውን የሚያስተዳድሩት በዚያ ሥራ ነበር። የኃላፊው መኪና መጋረጃ ስላለው ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። አንድ የፋሲካ ዋዜማ መኪናው ሲገባ ሰላምታ ሰጡ። መጋረጃው ገለጥ አለ።

«በግ ነው» አሉ። «ሙክት። እጄን ላውርድ ስል ሹፌሩ ያየኛል። ሹፌሩ ደግሞ ነገር ያመላልሳል። ለበጉ ሰላምታ ሰጠ ቢላቸው ይስቃሉ። ሰላምታውን አቋረጠ ቢላቸው ግን ምን እንደሚሉ አላውቅም። ስለዚህ መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ለበጉ ቀጥ ብዬ ቆምኩለት። እሱም ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። በኋላ ሳስበው አሳዘነኝ። ከሁለታችን የባሰ ነገር የሚጠብቀው እሱን ነበር።»

እኔና ሰላም ጠረጴዛው ላይ ተደፋን። ሰላም ሻይዋን ደፋች። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ሳቅሽ። ሰላምታው ግን ያው ነው።»

ነገሩ እንደገባኝ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ተልእኮዬ ትዝ አለኝና ለሚመጣው እሑድ ፕሮግራሙ የተጣበበ መሆኑን፣ እንግዳውም በዕድሜ የደከሙ መሆናቸውን፣ ጥያቄ ባይበዛ ጥሩ እንደሆነ አብራራሁ። ደራሲው ከጋሽ ወርቅነህ አሥር ዓመት ያህል ያንሳሉ። ሰላም አፍጥጣ አየችኝ። እሳቸው ግን ከሐፍረቴ ቶሎ ሊያወጡኝ ፈለጉ።

«ዝም እንድል ነው? እሺ፣ ዝም እላለሁ» አሉኝ። «ቃሌ ነው።»

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ወርቅነህ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሰላም ጋር ተቀመጡ። ዶክተር ፍስሐ እንግዳውን ለማስተዋወቅ አርባ ደቂቃ ወሰደ፤ በመጨረሻ ስለ እንግዳውም ተናገረ። ደራሲው ቀጠን ያሉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ገጽ አርባ ሁለትን አነበቡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን የሚስቀውን ሕዝብ ትተው አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። መቼም ደራሲ ሁሉ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ መቶ ሰው ሲስቅለት ያልሳቀውን ይፈልጋል።

«እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት አባት» አሉ። «እርስዎን ማሳቅ ያቃተኝ መሰለኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ ዞረው በዓይናቸው ፈለጉኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፣ «ዝም እንድል ቃል ገብቻለሁ።»

የዚያን ዕለት ትልቁ ሳቅ የተሳቀው ያኔ ነው። ልቦለዱ ውስጥ የሌለ ቀልድ ነበር። ደራሲውም ሳቁ፤ ማን ቃል እንዳስገባቸው ሲጠይቁ ጋሽ ወርቅነህ ጥሩ ሰዎች ናቸው ብለው አለፉት።

«እንግዲህ እኔ ከቃልዎ ፈትቼዎታለሁ» አሉ ደራሲው። «ይንገሩኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ ተነሡ። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዊልቸር እንደሚይዙት።

«መጽሐፍዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አማርኛዎ ደስ ይላል። ልስቅም ፈልጌ ነበር። ግን እኔ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። ሰላምታ ሰጥቼ ውሻ ሆኖ ቢገኝ ምንም አልሆንም። ሳልሰጥ ቀርቼ ሰውየው ሆነው ቢገኙ እናቴ ጦሟን ታድራለች። አያሌው ይህን ያውቃል። እርስዎ ግን እንደማያውቅ አድርገው ጻፉት። ያዩት ከመኪናው ውስጥ ሆነው ነው።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ይቀመጡ» አለ። ዶክተር ፍስሐ ወደ ማይክሮፎኑ ተራመደ። ደራሲው በእጃቸው አስቆሙት። መጽሐፉን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ውሻው የእኛ ነበር» አሉ። «ኃላፊው አባቴ ናቸው። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። መስኮቱን ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዙ ጠየቋቸው።

«ዘበኛው ማን ይባሉ ነበር?»

ደራሲው አፋቸውን ከፈቱ። ለማስታወስ ሲሞክሩ አየናቸው።

«አላውቅም» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ ተቀመጡም። ፊታቸው ላይ ያሸነፈ ሰው መልክ አልነበረም። የደከማቸው ነው የሚመስሉት።

ዶክተር ፍስሐ ጊዜው ማለቁን አስታውቆ ኬክ አስመጣ። ኬኩ ላይ የውሻው ምስል ተሥሎ ነበር። ለእኔ ጆሮው ደረሰኝ፤ በላሁት። ደራሲው ኬክ አልወሰዱም። ወንበር ስበው ጋሽ ወርቅነህ አጠገብ ተቀመጡና የአዳራሹ ሰዎች መብራት ማጥፋት እስኪጀምሩ ድረስ ሁለቱ አንገታቸውን አቀርቅረው አወሩ። ዶክተር ፍስሐ ከፎቶ አንሺው ጋር ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

ክበባችን ማንንም አላባረረም። ይህ እንዲታወቅልን እፈልጋለሁ፤ ጨዋ ሰዎች ነን። ዶክተር ፍስሐ ክበቡን ሪስትራክቸር ማድረግ ያስፈልጋል አለ፣ ሁሉም ተስማማ። ቤተ መጻሕፍቱ ፓርኪንግ ያስቸግራል ተባለ፤ ለዓመታት አስቸግሮን አያውቅም ነበር። ስብሰባው ዊተን ወደሚገኝ የአንድ አባል ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተዛወረ። ለአዲሱ አድራሻ አዲስ ግሩፕ ያስፈልጋል ተባለ፣ የድሮዎቹን ስሞች ወደ አዲሱ እንዳስገባ ታዘዝኩ። ማንም «እሳቸውን ተያቸው» አላለኝም። ዶክተሩ «ያው አንቺ ታውቂያለሽ» ብቻ አለኝ። አወቅኩ። አንድ ስም ዘለልኩ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ቀጣዩ እሑድ ሳይደርስ ደወልኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ቤተ መጻሕፍቱ ሄደው ባዶ ክፍል በር ላይ እንዳይቆሙ ብዬ ነው። ክበቡ ለጊዜው ቆሟል አልኳቸው። ሰው ሥራ በዝቶበታል አልኳቸው። እሳቸውም ሰው ሥራ ሲበዛበት ማንበብ ይከብዳል ብለው አገዙኝ።

«ሲጀመር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «መጽሐፉን ቀደም ብዬ እንዳገኘው ነው።»

ካረፉበት ቀን አምስት ወር ቀደም ብሎ ለሥራ ልበር ኤርፖርት ሄጄ አየኋቸው። አንዲት ነጭ አሮጊት እየገፉ ነበር። እኔ ልሰወር ወደ ቡና መሸጫው ዞርኩ፤ እሳቸው ግን ቀድመው አይተውኝ ዊልቸሩን ፍሬን ይዘው አስቆሙ። ለአሮጊቷ በእንግሊዝኛ የክበባችን ጸሐፊ መሆኔን፣ በጣም አንባቢ ሴት እንደሆንኩ ነግረው አስተዋወቁኝ። አሮጊቷ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ከዚያ በአማርኛ ስለ ክበቡ ጠየቁኝ።

«እንደቆመ ነው ጋሼ» አልኩ።

«አዎ» አሉ፣ «ዊተን እንደቆመ ሰምቻለሁ።»

ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ፍሬኑን ለቀቁ፣ በሰላም ግቢ አሉኝና አሮጊቷን እየገፉ ሄዱ። በረራዬ ሊነሣ ገና አርባ ደቂቃ ነበረው። ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር። በዝግታ ነበር የሚገፉት። እኔ ግን ቡና ገዝቼ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላም አልደወልኩላቸውም። ምን እላቸው ነበር?

ቀብራቸው ላይ ክበቡ ተሟልቶ ተገኘ። ከቀብር በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ሲበላ ዶክተር ፍስሐ ክበቡን ወክሎ ተነሣ። ስለ ትሕትናቸው ተናገረ። ስለ ንባብ ፍቅራቸው ተናገረ። ከዚያ ያን ታላቅ ልቦለድ ምን ያህል ይወዱት እንደነበር፣ ገጽ አርባ ሁለትን ሲሰሙ እንዴት ከልባቸው ይስቁ እንደነበር መናገር ጀመረ። ዙሪያዬን አየሁ። የክበባችን ሰዎች በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊት ለፊቴ ሰላም ሹካዋን አስቀምጣ ወለሉን ታያለች።

«አልወደዱትም» አልኩ።

ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። ዶክተሩ ይቅርታ፣ ምን አልሽ አለኝ። ተነሣሁ።

«ሦስት ጊዜ አንብበውታል፣ አልወደዱትም። ለምን እንዳልወደዱትም ለደራሲው በፊታቸው ነግረዋቸዋል። ሁላችንም ነበርን። ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ አላስገባናቸውም።»

አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ዶክተር ፍስሐ ሐዘን ሰውን እንደሚያስለፈልፍ ለሕዝቡ በርኅራኄ አስረድቶ ለዕለቱ የጻፈውን ግጥም ወደ ማንበብ አለፈ። ግጥሙ ረጅም ነበር። በዚያው ሳምንት ከግሩፑ መውጣቴን ስልኬ አሳወቀኝ፤ ያስወጣኝ ማን እንደሆነ አላጣራሁም። አሠራሩን አውቀዋለሁ።

ግጥሙ እየተነበበ ሄጄ ሰላም አጠገብ ተቀመጥኩ። ስማቸውን የዘለልኩት እኔ መሆኔን፣ ክበቡ ቆሟል ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ መሆኔን ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «ዳዲ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ጠየቅኩ። ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ቁርጥ አባቷን ነው፤ አንድም ነገር አይንቀሳቀስበትም።

«'ከሁሉም እሷ ትሻላለች' ነው ያለኝ። 'ደውላ ዋሸችኝ። ሌሎቹ ለመዋሸት እንኳ አልደወሉም።'»

ይህን እንዳለች ፊቷ ተፈታ። ሳቀች፤ ዕንባዋ እየወረደ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ዞረው አዩን። አብሬያት ለመሳቅ ሞከርኩ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ጠረጴዛው ላይ እደፋ ነበር።